ሁለቱ ገበያዎች በአንድ ቀን የዋሉ ዕለት

"ብራዚልና አርጀንቲና ከኳስ ውጪ ተጣልተው ያውቃሉ እንዴ?" አሉኝ ሀጂ፣ ቡታጅራ የተከራየሁበት ግቢ ባለቤት። በርበሬ ነጋዴ ናቸው። እኔ ከጎጃም ተመድቤ የመጣሁ የጂኦግራፊ አስተማሪ ነኝ፤ በረንዳ ላይ ቁጭ ብዬ የነገውን ትምህርት ሳዘጋጅ ካልጠየቁኝ ደስ አይላቸውም።

"መጣላት ብቻ! በጎሪጥ እየተያዩ፣ ሁለቱም ተደብቀው የኒውክሌር ነገር ሲጎረጉሩ ነበር። በኋላ መሪዎቻቸው ቤት ለቤት ተጠያየቁ፣ የደበቁትን ጓዳ ከፍተው ተያዩ። አሁን ከፓራጓይና ከኡራጓይ ጋር የጋራ ገበያ አላቸው፤ የጭነት መኪናው ድንበር ሲሻገር ይውላል" አልኳቸው።

ሀጂ ሳቁ። "ታዲያ ይሄ ምኑ ትምህርት ነው ቲቸር? እኛም እኮ እንደዚያው ነን።"

እውነታቸውን ነው። እኛ በአንዱ ቀን እንገበያለን፣ ከድልድዩ ማዶ ባለው ከተማ ያሉት በሌላ ቀን፤ የድሮ ሰዎች ሳምንቱን የተካፈሉት ነጋዴው ሁለቱም ጋ እንዲደርስ ነው። የሀጂ ልጅም በዚሁ የገበያ ትውውቅ ማዶ ተዳረች። አሁን የመጀመሪያ ልጇን አርግዛ ቀኗ ተቃርቧል። እንደ ደንቡ እናቷ ቤት መጥታ ትወልዳለች፣ በገበያችን ቀን በሚመጣው መኪና ትሳፈራለች ተብሎ የገንፎው እህል ተፈጭቷል፣ ቅቤው ተነጥሯል።

በዚያው ሳምንት የማዶ ሰዎች ገበያቸውን ከኛ ጋር በአንድ ቀን አደረጉት።

መምህራን ክፍል ውስጥ የሰማ ሁሉ "ታዲያ ምን አለበት?" አለ። የሀጂ ፊት ግን ጠቆረ። "አትምጡብን፣ እኛም አንመጣም ማለት ነው እኮ፣ ወላሂ" አሉኝ። ክፍል ገብቼ ስለነዚያ አገሮች ሳስተምር አንዷ ተማሪ "እንደገና ቢኳረፉስ ቲቸር?" ብላ ጠየቀችኝ። የመጽሐፉን መልስ ጀመርኩና ተውኩት።

የገበያው ቀን ሲደርስ የሚኒባስ ረዳቶቹ የማዶውን ከተማ ስም መጥራት ትተዋል። ባጃጆቹ ድልድዩ ጋ ሲደርሱ ይዞራሉ። የተሳፈርኩበትን ባጃጅ ሹፌር ምን ተፈጠረ ብዬ ብጠይቀው "እኔ ምን አውቄ እህቴ፣ ልጆች አሉኝ" አለኝ። ኧረ በስማም! የጠየቅኩት ስለ መንገድ ነው፣ ልጆች እዚህ ውስጥ ምን አስገባቸው? ተናድጄ ወረድኩ። ከማዶ የሚመጣው በርበሬ የሚደረደርበት ቦታ ባዶውን ዋለ፤ ሀጂም ልጃቸውን እየጠበቁ መናኸሪያ ቆመው ዋሉ።

አመሻሹ ላይ ስልካቸው ጠራ። ጆሯቸው ስለደከመ ሁልጊዜ ድምፁን ለቀው ነው የሚያወሩት፤ ቋንቋቸውን ደግሞ ለምጄዋለሁ። ልጅቷ ነበረች።

"አባ፣ አልመጣም። ልጃችን እዚያ ተወልዶ የነሱ ነው እንዳይባል ብለውኛል የባሌ ቤተሰቦች።"

ሀጂ ስልኩን ለባለቤታቸው ዘረጉ። እናትየው ስልኩን ተቀብለው "ይሁን ልጄ፣ እዚያው ውለጂ። ምጡ ሲመጣ ማን አለሽ? አማትሽ አሉ?" አሏት።

ልጅቷ ድምጿን ዝቅ አደረገች። "እማ፣ እኔን ራሴን አንቺስ የማን ነሽ ማለት ጀምረዋል።"

እናትየው ሻሻቸውን አጥብቀው አሰሩና "በእግሬም ቢሆን እሄዳለሁ" ብለው ተነሱ። ሀጂ ቀድመዋቸው ሄደው የግቢውን በር ከውስጥ ቆለፉት።