በቁሙ የተለቀሰለት ልጅ

ነጠላው ናፍታሊን ናፍታሊን ይሸታል። ዛሬ ጠዋት ናይሮቢ፣ ኪሌሌሽዋ ሰፈር ቤቴ ድረስ ከመጣ ጀምሮ አልጋዬ ላይ ዘርግቼ ጥለቱን ክር በክር እየመረመርኩ ነው። ምን እንደምፈልግ እኔም አላውቅም። አንድ ክፉ ነገር ተቋጥሮበት ይሆን? ሳቁብኝ ግድ የለም። ከዚያ ቲያትር ወዲህ ግን እንዲሁ ተጠራጣሪ ሆኜ ቀርቻለሁ።

አሥራ ሰባት ዓመቴ ነበር። እዚሁ ናይሮቢ፣ በቤተ ክርስቲያናችን አዳራሽ፣ የአማርኛ መምህራችን የጻፉትን አሳዛኝ ቲያትር ልናሳይ ነው። አንድ ጠንቋይ ለአንዲት እናት "ልጅሽ ከቤት በወጣ ቀን ይሞታል" ይላታል። እናት ፈርታ ትቆልፍበታለች፤ ልጁ በመስኮት ሊያመልጥ ሲል ወድቆ ይሞታል። እናት የሆንኩት እኔ ነኝ። ልጅ የሆነው ደግሞ ኢምባካሲ ስንኖር ጎረቤታችን የነበረው ልጅ ነው። እወደው ነበር፤ አልነገርኩትም እንጂ። ልምምድ ላይ አቅፌው ሳለቅስ እንባዬ የትወና አልነበረም።

ለለቅሶው ነጠላ ያስፈልገኝ ነበር። እናቴ "በሕይወት ላለ ሰው ማልቀስ ሟርት ነው" ብላ የእሷን ከለከለችኝ። እኔ ጅሏ ሄጄ የልጁን እናት ለመንኩ። "ለድራማ ነው" ከማለት በቀር ምን እንደማደርግበት አልነገርኳቸውም። "እንዳታቆሽሺው" ብለው ከሳጥን አወጡልኝ።

በዕለቱ አዳራሹ በሰውና በሽቶ ታፍኗል። መብራቱ ሁለት ጊዜ ብልጭ ድርግም ሲል ከፊት የተቀመጡት ሴቶች አማተቡ። ልጁ ወደቀ። እኔም ሐዘንተኛ እንደምታደርገው ነጠላውን አዘቀዘቅኩት፤ ጥለቱ ከታች ወደ አንገቴ መጣ። "ልጄን!" ብዬ ጮህኩ። ወዲያው ሌላ ጩኸት ሰማሁ። እውነተኛ እናቱ መድረክ ላይ ወጥተው ነጠላውን ከአንገቴ ነጠቁኝ።

"ልጄን በቁሙ! በራሴ ነጠላ!"

ሰው የቲያትሩ ክፍል መስሎት ቆሞ አጨበጨበ። ሟቹ ብድግ ብሎ "እማ፣ ጀስት ድራማ ነው እኮ! ፕሊስ!" ሲል ጭብጨባው ባሰ።

ሦስት ሳምንት ሳይሞላ ልጁ ከትምህርት ቤት ሲመለስ ከቦዳ ቦዳ፣ ከኪራይ ሞተር ላይ ወድቆ እግሩ ተሰበረ። ልጠይቀው ብሄድ እናቱ በሩ ላይ ቆሙ።

"ደስ አለሽ?"

ከዚያ በኋላ የሕንፃችን ደረጃ ላይ ሲያገኙኝ ያማትቡ ነበር። ቀስ በቀስ እኔም ራሴን መጠርጠር ጀመርኩ፤ ያን ያህል ባላለቅስ ኖሮስ እያልኩ። እሱ አገባ፣ ወለደ። ሠርጉ ላይ አልተጠራሁም።

ዛሬ ጠዋት በሬን ያንኳኳው እሱ ነው። እያነከሰ ገባ፤ ወንበር ብሰጠውም አልተቀመጠም።

"እማ ታማለች። ያው... ፖሌ ፖሌ፣ ቀስ በቀስ እየደከመች ነው። ይህን ስጣት አለችኝ።"

"ምን ብለው?"

"'የእኔ ቀን ሲደርስ እሷ ታዘቅዝቀው፤ እንደሷ ያለቀሰ ሰው አላየሁም' ብላ።" ወለሉን እያየ "እኔም አላየሁም" አለ።

ከሄደ በኋላ ብዙ አሰብኩ። ይቅርታ ነው ወይስ ሊፈትኑኝ ነው? ክሩ ውስጥ ምንም አላገኘሁም። አሁን ልጠይቃቸው ወደ ኢምባካሲ መሄዴ ነው። ነጠላውን ለብሼዋለሁ። መስታወት ፊት ቆሜ ሦስት ጊዜ አየሁት፤ ጥለቱ ወደ ታች ነው። በራቸው ላይ ስደርስ ደግሜ አየዋለሁ።