አባዬ ስምንት ልጆች እንዳሉት የሰማሁ ቀን

ዓርብ ከሰዓት... የሆስፒታሉ ሶሻል ወርከር አባዬ የተኛበት ክፍል መጣችና፣ «ነገ ወደ ቤት ይወጣሉ። ዕድለኞች ናችሁ፣ ትልቅ ቤተሰብ አላችሁ» አለችኝ።

ትልቅ ቤተሰብ? እኔና አባዬ ብቻ ነን እኮ! የመርሳት በሽታ ከያዘው አራት ዓመቱ ነው። እኔ የትምህርት ቤት ባስ ስነዳ እሱ ከቤት ወጥቶ ሬኒየር ጎዳና ላይ ወድቆ ነው እዚህ የገባነው። ከእንግዲህ ብቻውን ቤት መዋል አይችልም።

ከመጋረጃው ማዶ የተኙት ነጭ ሽማግሌም በሽታቸው ያው ነው። ጠዋት ይህችው ሴት ከልጃቸው ጋር አንድ ሰዓት ሙሉ ተቀምጣ፣ የማገገሚያ ቦታ ዝርዝር ዘርግታ ስታማርጣት ነበር። የትኛው አትክልት ቦታ እንዳለው ሁሉ ሰምቻለሁ። ለእኛ የደረሰን ስለ መውደቅ የሚያስጠነቅቅ አንድ ወረቀት ነው። ተናደድኩ፣ አልዋሽም።

«የእኛስ ዝርዝር የታለ?»

«እናንተ እኮ ሽማግሌዎቻችሁን ለሰው አትሰጡም። ባህላችሁን በጣም ነው የምወደው» ብላ ኮምፒውተሯን አዞረችልኝ። ከእኔ ጋር ስምንት ልጆች... ስም በስም ተመዝግበናል!

ሳቄ መጣ። የቤተክርስቲያን ሰው ሊጠይቀው ሲመጣ መግቢያው ዴስክ ላይ «ፋሚሊ ኦንሊ»፣ ከቤተሰብ በቀር አይገባም ሲባል፣ ሁሉም «ልጁ ነኝ» እያለ ነው የገባው። አንደኛውማ ከአባዬ የሚያንሰው በአምስት ዓመት ብቻ ነው።

«ልጁ እኔ ብቻ ነኝ» አልኳት። አላመነችኝም።

«ሶ፣ ተራ ተካፈሉ። ሰኞ አንቺ ሥራ ስትገቢ ማን አብሮት እንደሚውል ኮል አድርጊና ንገሪኝ።»

ለሰባቱም ደወልኩ። ሦስቱ አነሱ፣ ሦስቱም ከልባቸው «አይዞሽ እህቴ» አሉኝ። ሰኞ ግን ሁሉም ሥራ ናቸው። አልፈርድባቸውም፣ እኔም ሥራ ነኝ... ስልኩን ዘግቼ ኮሪደሩ ላይ ቆሜ አለቀስኩ። ያን ያህል ብቻዬን የሆንኩበት ቀን ትዝ አይለኝም።

ቅዳሜ ልንወጣ ጫማውን ሳስርለት አባዬ በሩን በሩን ያያል።

«ሌሎቹ ልጆቼስ?» አለኝ።

«ይመጣሉ አባዬ።»

ወንድሞቼ፣ እህቶቼ፣ ይህን የምታነቡ ካላችሁ... ሰኞ የማን ተራ ነው?