ከምስማሩ የጠፋው ዘንግ

በጥቅምት፣ ብርዱ ወደምንኖርበት ከተማ ወደ ቡርንስቪል ሲገባና የቤቱን ማሞቂያ ለዓመቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳበራ፣ በጋውን ሙሉ ቱቦው ውስጥ ተኝቶ የከረመው አቧራ ይቃጠልና ቤቱን አንድ ደረቅ፣ ትንሽ ብረት ብረት የሚል ሽታ ይሞላዋል። ልጆቼ አፍንጫቸውን ይዘው መስኮት ይከፍታሉ፤ እኔ ግን በልጅነቴ የማውቀው የጋሽ ዋልተር ምድር ቤት ሽታ ነውና ባለሁበት ቆሜ እቀራለሁ። ዘንድሮም እንዲሁ ቆሜ ሳለሁ ነው አባቴ ከሳሎን የእጅ ሰዓቱ እንደጠፋበት የተናገረው። ትራስ ያነሳል፣ ይመልሳል፣ ያንኑ ትራስ እንደገና ያነሳል። ሰማንያ ሁለት ዓመቱ ነው። እንደ ልማዴ «እኔ ነኝ የወሰድኩት አባዬ፣ አሁን አመጣልሃለሁ» አልኩና የት እንዳለ የማላውቀውን ሰዓት መፈለግ ጀመርኩ። በዚህ ቤት ለጠፋ ነገር ሁሉ ሌባዋ እኔ ነኝ፤ መነጽሩንም፣ የመድኃኒት ሳጥኑንም፣ የቴሌቪዥኑን ሪሞትም የምወስደው እኔ ነኝ። ልጆቼ በዚህ ውሸቴ ይስቃሉ። ከየት እንደመጣ ነግሬያቸው አላውቅም።

ዘመኑ በፈረንጆቹ አቆጣጠር የዘጠናዎቹ እኩሌታ ነበር፤ እኔ የአሥር ዓመት ልጅ። አባቴ በወጣትነቱ ድሬዳዋ፣ ምድር ባቡር ጋራዥ ውስጥ መካኒክ ነበር፤ እዚህ መጥቶ ኤደን ፕሬሪ በሚባል ከተማ አንድ መጋዘን ውስጥ ካርቶን ሲያነሳና ሲጥል ይውል ነበር። ጓደኛው ጋሽ ከድር የታክሲ ሾፌር ነበር፤ ሚስት የለው፣ ልጅ የለው፣ ለእኔ የሚሆን ማስቲካ ግን ከኪሱ አይጠፋም። የደሴ ልጅ በመሆኑ ከአገር እስኪወጣ ድረስ ባቡር በዓይኑ አይቶ አያውቅም፤ አባቴም ይህን ጉድለቱን አንድም ቀን ሳያነሳበት አላለፈም። ይሁን እንጂ የባቡሩን ቤት ያገኘልን ጋሽ ከድር ነው። ኢንቨር ግሮቭ ሃይትስ በሚባል ሌላ ከተማ የሚኖር፣ ሚስቱ የሞተችበት አንድ ሽማግሌ በየሳምንቱ ሐኪም ቤት ያመላልስ ነበርና፣ አንድ ቀን ዕቃውን ተሸክሞለት ወደ ምድር ቤቱ ቢወርድ ከግድግዳ እስከ ግድግዳ የተዘረጋ የተራራ አገር አየ፤ ከጀሶና ከሽቦ የተሠሩ፣ ጫፋቸው በረዶ የለበሰ የአልፕስ ተራሮች፣ ድልድዮች፣ ዋሻዎች፣ የጥፍር ጫፍ የሚያህሉ ላሞች፣ በመካከላቸውም የሚጠማዘዝ አንድ ቀይ ባቡር። ታክሲው ውጭ ሞተሩ እንደተነሳ አንድ ሰዓት ሙሉ እዚያ ቆሞ ቀረ። ሽማግሌው ዋልተር ይባላል፤ አባቴ ሽማግሌ በባዶ ስሙ አይጠራም ብሎ ስላዘዘኝ ለእኔ ጋሽ ዋልተር ሆነ፤ እሱም የማዕረጉን ትርጉም ሲሰማ ደስ ብሎት ሌሎቹም እንዲሁ እንዲጠሩት ጠየቀ።

ከዚያ በኋላ ቅዳሜ ቅዳሜ በዚያ ምድር ቤት የሚሰበሰበው የትንንሽ ባቡር ክለብ አምስት ሰው ነበር፤ ጋሽ ዋልተር፣ ሁለት ጡረተኛ ወንድማማቾች፣ ጋሽ ከድርና አባቴ። እናቴ ቅዳሜ ቅዳሜ ሥራ ስለምትገባ እኔ ስድስተኛ ሆኜ እከተላለሁ። ስብሰባው በደወል ይከፈታል፣ የዕለቱ የጉዞ ሰሌዳ ይነበባል፣ ከዚያ ወንድማማቾቹ ስለ አንድ ፉርጎ ቀለም አንድ ሰዓት ይከራከራሉ። ጋሽ ዋልተር ለጋሽ ከድር ሲል ፒዛውን ያለ ሥጋ ያዝዛል፤ ጾም ሲሆን ለአባቴ ኦቾሎኒ በሳህን ያቀርባል፣ ጾሙ መቼ እንደሚገባም ከእኛ ቀድሞ ያውቅ ነበር። እነዚያን ተራሮች ከሚስቱ ጋር ሆኖ ከፎቶግራፍ እያየ ለዓመታት የሠራቸው፣ አንድ ቀን አብረው ሊሄዱባቸው አስበው ነው። እሷ ሞተች፣ እሱም ብቻዬን አልሄድም ብሎ ቀረ።

ተራራውን የሚያቋርጠው ሐዲድ አንድ ብቻ ስለነበር አባላቱ ከሚነዷቸው ባቡሮች ሁለቱ ከሁለት ወገን ቢገቡበት መጋጨታቸው አይቀርም። ስለዚህ አባቴ ከቧንቧ ቁራጭ አንድ የናስ ዘንግ ሠራ። ዘንግ ይባል እንጂ ከአመልካች ጣቱ አይበልጥም፤ ጫፉ ላይ የቆዳ ማሰሪያ አለው። ይህን ዘንግ በእጁ ያልያዘ ሰው ባቡሩን ወደ ተራራው ማስገባት አይችልም። ጠረጴዛ ላይ አይቀመጥም፣ ከእጅ ወደ እጅ ይሰጣል፣ ተቀባዩም «ተቀብያለሁ» ይላል፤ ወንድማማቾቹ ሳይቀሩ ይህችን አንዲት የአማርኛ ቃል በወፍራም ምላሳቸው ተምረዋት ነበር። ስብሰባው ሲያልቅ ጋሽ ዋልተር ዘንጉን ተቀብሎ ደረጃው ሥር ካለው ምስማር ላይ ይሰቅላል። ይህ ከእሱ በቀር ማንም የማይነካው ሥራ ነበር።

በመስከረም ጋሽ ከድር እውነተኞቹን የአልፕስ ባቡሮች ሊሳፈር እንደሚሄድ ተናገረ። ለዓመታት ጀሶ ሲያይ ከርሞ አሁን ድንጋዩን ማየት አማረው። ጋሽ ዋልተር ራሱ ቢሄድ ከሚደሰተው በላይ ተደሰተ፤ የትኛው ድልድይ ላይ በየትኛው መስኮት በኩል መቀመጥ እንዳለበት በእርሳስ ጻፈለት። እኔ ግን በዚያው ሳምንት እናቴ በስልክ ስታወራ ሰምቼ ነበር፤ ከድር አፓርትመንቱን ለቀቀ፣ ታክሲውን መለሰ፣ ሚስትና ልጅ የሌለው ሰው ምን ሊያደርግ ይመለሳል፣ ስትል። በአሥር ዓመት ዕድሜዬ የማውቀው መሄድ ሁሉ መመለስ የሌለው ነበር።

የመሰናበቻው ቅዳሜ ሁሉም ላይ ቤት ኬክ እየበሉ ሳለ ብቻዬን ወደ ምድር ቤት ወረድኩ። ለባቡሮቹ ኤሌክትሪክ የሚሰጠው ትራንስፎርመር ገና አልበረደም፣ ያ የተቃጠለ አቧራ ሽታ ይሸታል። ዘንጉ ምስማሩ ላይ፣ ጋሽ ዋልተር የሰቀለበት ቦታ ላይ ነበር። አወረድኩት፣ የጋሽ ከድር ካፖርት ወደተቀመጠበት ክፍል ሄድኩ፣ ማሰሪያውን ከውስጥ ኪሱ ቁልፍ ጋር አሰርኩት። ያሰርኩት አባቴ ድሬዳዋ ጋራዥ ውስጥ መሣሪያውን ከቀበቶው ጋር ያስርበት በነበረው ቋጠሮ ነው፤ የጫማዬ ክር እየተፈታ ሲያስቸግረኝ ለእኔ ብቻ ያስተማረኝ፣ ሁለት ጊዜ ዞሮ በራሱ ሆድ ውስጥ የሚገባ ቋጠሮ። ሐሳቤ ግልጽ ነበር፤ ዘንግ የያዘ ሰው ማስረከብ አለበት፣ ለማስረከብ ደግሞ መመለስ አለበት።

በቀጣዩ ቅዳሜ ምስማሩ ባዶ ነበር። ጋሽ ዋልተር ሳቀ፣ ኪሱን ዳበሰ፣ ሰቅዬው ነበር አለ። ወንድማማቾቹ ሌላ ዘንግ ይሠራ ሲሉ አባቴ እምቢ አለ፤ ለአንድ ሐዲድ ሁለት ዘንግ ማለት ግጭት ማለት ነው፣ የጠፋው ከተገኘ ሁለት ሰው እኩል መብት ይዞ ይገባል፣ እስኪገኝ ባቡሩ ይቁም አለ። እውነቱን ነበር፤ አባቴ በባቡር ነገር ተሳስቶ አያውቅም። ቀዩ ባቡር ከዋሻው አፍ ላይ ቆመ፣ ከዚያ በኋላም አንድ ስንዝር አልተንቀሳቀሰም።

ስብሰባው ፍለጋ ሆነ። በሁለተኛው ሳምንት ጋሽ ዋልተር የመሳቢያዎቹን ዕቃ ሁሉ ወለሉ ላይ ዘርግፎ ጠበቀን። በሦስተኛው የደረጃው ምንጣፍ ተነቅሎ ነበር። ፒዛ ማዘዝ ረሳ፤ የጾሙን ቀን ተሳሳተ። ወንድማማቾቹ ተያዩ፣ አባቴም አንገቱን ደፋ፤ ሰቅዬዋለሁ ይል የነበረው ሰውዬ ሰቅዬው ይሆን ማለት ጀመረ። ወደ ቤት ስንመለስ ወንዙን በሚያሻግረው ድልድይ ላይ ልናገር አፌን ከፍቼ ነበር። አባቴ ቀደመኝ። ሰው በገዛ እጁ ያደረገውን ሲጠራጠር ማየት እንዴት ይከብዳል፣ እንዲህ የሚያስጨንቀው ሰው ካለ እግዚአብሔር ይይለት አለ። አፌን ዘጋሁ። ጋሽ ከድር ይመለሳል፣ ያኔ ሁሉም ይስቃል ብዬ ራሴን አጽናናሁ። ከእሱ የመጣው ፖስት ካርድ ግን አገሩ ስለተስማማው አንድ ወር እንደሚጨምር ይናገር ነበር።

በአምስተኛው ቅዳሜ በሩን ስንከፍት ጋሽ ዋልተር ነጭ ሆኖ ከምድር ቤት ወጣ፤ ፊቱ፣ ቅንድቡ፣ እጁ ሁሉ ጀሶ። ተራራውን በመዶሻ ሰብሮት ነበር። ምናልባት ስጠግን ውስጡ ጥዬው ይሆናል ብዬ ነው አለን፣ በትሕትና፣ ጫማችንን እንዳናቆሽሽ እየተጠነቀቀ። ትንንሾቹ ላሞች ፍርስራሹ ላይ ተበትነዋል። አባቴ እጄን ይዞ ወደ ላይ መለሰኝ።

ከዚያ ሴት ልጁ ከሌላ ግዛት መጣች፤ የተገለባበጠውን ቤት አየች፤ ሌላ ማስረጃ አላስፈለጋትም። ኅዳር ሳያልቅ ጋሽ ዋልተር አረጋውያን መጦሪያ ገባ፣ ግቢው ላይ የሽያጭ ሰሌዳ ተተከለ።

በሳምንቱ ጋሽ ከድር ተመለሰ። ወፍሮ፣ ፊቱ በፀሐይ ጠቁሮ፣ ቀጥታ ወደ ጋሽ ዋልተር ቤት ሄዶ ሰሌዳውን አይቶ ነው እኛ ጋ የመጣው። ካፖርቱን ገለጠ። ዘንጉ ከቁልፉ ጋር እንደታሰረ ነበር። ዋልተር በእኔ ፋንታ እይልኝ ብሎ ያሰረልኝ መስሎኝ፣ በየባቡሩ ይዤው ዞርኩ፣ ሳልፈታው በእጁ ላስረክበው ብዬ ነው አለ። አባቴ ቋጠሮውን ፈትቶ ዘንጉን በእጁ ያዘ። ተቀብያለሁ አላለም።

መጦሪያው ድረስ ሦስታችን ሄድን። ጋሽ ከድር ነገሩን ሲያስረዳው ጋሽ ዋልተር ዘንጉን እያገላበጠ ሰማ፣ ከዚያ ፊቱ ቀላ። «ሰጥቼህ ረስቼው ነዋ» አለ በእንግሊዝኛ፤ «ሁላችሁንም አስቸገርኳችሁ፣ ይቅርታ።» ይቅርታውን ለእኔም አዳረሰ፤ እጄን ጨብጦ፣ በስሜ ጠርቶ። ተቀበልኩት። እስከ ዛሬ ከተቀበልኩት ነገር ሁሉ እሱ ይከብደኛል።

ዘንድሮ ሰዓቱን ማቀዝቀዣው አናት ላይ አገኘሁት። እጁ ላይ ሳስርለት አባቴ ቀና ብሎ አየኝ።

«አንቺ ነሽ የወሰድሽው?»

«እኔ ነኝ።»

ማሞቂያው ያጉረመርማል።

«የዋልተርንስ?» አለኝ።

አጠገቡ ተቀመጥኩ። አዎ አልኩት። ሠላሳ ዓመት ያህል የፈራሁት ቃል እንዲህ አጭር ነበር።

«ቋጠሮውን ያስተማርኩሽ እኔ ነኝ» አለ። «ያን ዕለት ስፈታው አውቄያለሁ።»

ለምን ዝም እንዳለ ጠየቅሁት። ሰዓቱን ወደ ጆሮው አስጠጋ፤ ጥያቄዬን የረሳው መሰለኝ።

«አንቺ ልጅ ነበርሽ፣ እሱ ሽማግሌ። ላንቺ አደላሁ።»

ጋሽ ዋልተር የሞተው መጦሪያ በገባ በሁለተኛው ክረምት ነው። ሐኪም ቤት የምሠራ ሰው በመሆኔ የገደለው በሽታ በማንኛውም መንገድ ይመጣ እንደነበር ለራሴ ማስረዳት እችላለሁ፤ ብዙ ጊዜም አስረድቻለሁ። ግን ሰቅዬዋለሁ ያለው እውነቱን ነበር፣ ያንን ደግሞ በዓለም ላይ የምናውቀው ሁለት ሰዎች ለእሱ አልነገርነውም። ወንድማማቾቹ የሉም፣ ጋሽ ከድርም አርፏል፤ ዘንጉንም ምን እንደሆነ የማያውቅ ሰው ከጋሽ ዋልተር ዕቃ ጋር ጥሎት ይሆናል። የአባቴን እጅ ይዤ ተቀመጥኩ። ሽታው ከአንድ ሰዓት በላይ አይቆይም፤ ሲጠፋ ተነስቼ መስኮቱን ዘጋሁት።