ከአያ ደሴ ጫንቃ ያወረድሁት ድንጋይ

ይህን ለማንም ተናግሬ አላውቅም። ለንስሐ አባቴ እንኳ ስለ ጾምና ስለ ሐሜት ተናዝዤ፣ ይህችን ዘልያት ተመልሻለሁ። አሁን ለአንተ፣ ለማታውቀኝ አንባቢ፣ ልናገር ነው። ፊቴን ስለማታየው ይሆናል የደፈርሁት።

ጎንደር ከተማ ውስጥ ባለ አንድ የጀማሪ ድርጅቶች ማበልጸጊያ ማዕከል አማካሪ የነበርሁ ሴት ነኝ። ለኅብረተሰቡ የሚጠቅም ሐሳብ ይዘው የሚመጡትን ተቀብለን ቢሮና ኢንተርኔት እንሰጣለን፣ ሥራ እንዲከፋፈሉ እናስተምራለን፣ በመጨረሻም መነሻ ገንዘብ እንዲያገኙ ዳኞች ፊት እናቀርባቸዋለን። የእኔ ድርሻ ቡድኑ እንዳይፈርስ መጠበቅ ነበር። እንዳይፈርስ!

ስመኝ ከዳባት ገባ ብላ ካለች ደገኛ ቀበሌ የመጣች አዋላጅ ነርስ ናት። ሸሪኳ የቀበሌው የቃሬዛ ማኅበር አለቃ አያ ደሴ ነበሩ። በዚያ አገር ምጥ የያዛት ሴት መኪና መንገድ እስክትደርስ በቃሬዛ፣ በጎረቤት ትከሻ ነው የምትወርደው። አያ ደሴ ጉብታው ላይ ወጥተው ሲጣሩ ወንዱ ሁሉ እርፉን ጥሎ ይመጣል። ስመኝ በዚህ ላይ ስልክ ጨመረችበት፤ ሸካሚዎቹ ሲነሡ አምቡላንሱ መንገድ ዳር እንዲጠብቅ። ጥሩ ሐሳብ ነበር፤ ግን ያለ ሁለቱ ሰዎች አይሆንም።

እኔ በአያ ደሴ አፈርሁ። በልምምዱ ቀን ለንግግር ከተሰጣቸው ጊዜ እኩሌታውን ሲመርቁን ጨረሱት። ባልደረቦቼ ሳቁ። ከአዲስ አበባ የሚመጡት ዳኞች ፊት እንዲህ ሲሆኑ ታየኝና ላብ አጠመቀኝ። በማግስቱ ለብቻቸው ጠርቼ «አያ፣ በዕድሜ የገፋ ሰው በዚህ ሥራ እንዳይገባ ሕጉ ይከለክላል» አልኋቸው። እንዲህ ያለ ሕግ አልነበረም። እኔ ፈጠርሁት። ለስመኝ ደግሞ «ደክሞኛል፣ ልጆቹ ይሥሩት ብለው ሄዱ» አልኋት። ይህንንም እኔ ፈጠርሁት።

እንደማይጠያየቁ በምን እርግጠኛ ሆንሁ? በይሉኝታቸው ነዋ! እሳቸው ልጅቱን ላለማስጨነቅ አይደውሉም፤ እሷም ትልቅ ሰው በቃኝ ካለ ምን ብዬ ልጎትተው ብላ፣ ተቀይማ ዝም ትላለች። የአገሬን ሰው አመል አውቄ ያንኑ አመል ወጥመድ አደረግሁት። ከዚህ የባሰ ምን አለ?

አሸነፍን። ስመኝ ስትሸለም ከሁሉም አብልጬ ያጨበጨብሁት እኔ ነኝ። ሸካሚዎቹንም ከእንግዲህ የስልክ መልእክት ይጥራቸው አልሁ።

ክረምት ገባ። አንዲት ሴት ምጥ ያዛት፤ መልእክቱ ተላከ። አንዱ ስልኩ ተዘግቷል፣ አንዱ ቤቱ ትቶት እርሻ ወርዷል፣ መልእክቱ የደረሳቸውም የአያ ደሴን ድምፅ ይጠብቃሉ። ባልየው እየሮጠ እሳቸው ደጅ ሄደ። «እኔ በሕግ ተከልክያለሁ፤ በስልኩ ተልኳል፣ አሁን ይመጣሉ» አሉት። ጠበቁ። በመጨረሻ ክልከላውን ጥሰው ጉብታው ላይ ወጥተው ሲጮኹ ጊዜው አልፎ ነበር። ሴትዮዋ ልጇን በሆዷ እንደያዘች ቃሬዛው ላይ ሞተች።

ስመኝ ደውላ ነገረችኝ። «አያ ደሴ የምን ሕግ ነው የሚሉት?» አለችኝ እያለቀሰች። ሰው ሞቶ እንኳ የኔ አፍ ምን እንዳለ ስማ፦ «አርጅተዋል እኮ፣ ተምታቶባቸው ይሆናል።»

ሰንበት ብሎ አንድ ጠዋት አያ ደሴ ራሳቸው ወደ ማዕከሉ ገቡ። ጫንቃቸው ላይ ድንጋይ ተሸክመዋል። በአገራችን የበደለ ሰው እንዲህ አጎንብሶ ነው ይቅርታ የሚለምነው። ስመለከታቸው ውሸቴን ደርሰውበት ሊያዋርዱኝ መጡ ብዬ ነበር፤ ግን ድንጋዩን የተሸከሙት እሳቸው ናቸው!

«ልጄ፣ ከባልየው ታርቄ መጣሁ፤ አንቺ ቀርተሽኛል» አሉ መሬት መሬት እያዩ። «ሕግ ነው ብትይኝ ዝም አልሁ። ሕግስ ቢሆን፣ ነፍስ ስትጨነቅ ምነው ዝም አልሁ? ያን ሸጋ ሥራችሁን ያበላሸሁት እኔ ነኝ። ስለ ወላዲተ አምላክ ይቅር በይኝ።»

ያን ጊዜ መናገር ነበረብኝ። አፌም ተከፍቶ ነበር። ባልደረቦቼ ቆመው ያያሉ። እኔ ምን አልሁ? «ይቅር ለእግዚአብሔር» አልሁ። ድንጋዩን በሁለት እጄ ተቀብዬ መሬት አስቀመጥሁት። ይቅር አልኋቸው! እኔ፣ እሳቸውን! ቀና ብለው መረቁኝ። ምርቃቱ ረዘመ፤ ያን ቀን ማንም አልሳቀም።

የዋሸሁት ለቡድኑ ብዬ ነው አልልም፤ እኔ እንዳላፍር ብዬ ነው። ዳባት ሩቅ አይደለም፣ መኪናው በየቀኑ ይወጣል፣ እኔ ግን አልሄድሁም። ከአንተም ይቅርታ አልለምንም፤ የምትሰጠኝ አንተ አይደለህም። እሳቸውን ብታገኝ ግን ንገርልኝ። ንገርልኝ ማለቴም ፍርሃቴ መሆኑን አውቃለሁ።

አያ ደሴ፣ ሕግ አልነበረም።