አያ ውሃ የከለከሉት ተክል

አጎቴን ዘመድ ጎረቤቱ ሁሉ አያ ይላቸው ነበር። ፊተኛውን ክፍላችንን ቀምቶ ይኖር የነበረው የጣልያን መኮንን ወደ ሌላ አገር ሲዛወር፣ ቅጠሉ እንደ ጎራዴ ቀጥ ብሎ የቆመ ተክል በቲማቲም ቆርቆሮ ትቶ ሄደ። አያ መስኮቱ ላይ አኖሩት።

ጎረቤታችን ባልቴት፣ «ምነው አያ፣ የጠላት ቅጠል ያሳድጋሉ?» ብለው ቀለዱባቸው።

«ጠላቱ ሄዷል፤ ይህ ቀርቷል። ይልቅ ያን ውሃ የያዘ ቅልሽን ወዲያ አርቂልኝ።»

የሚፈሩት ውሃውን ነበር። በየጠዋቱ ጣታቸውን አፈሩ ውስጥ ሰደው ይዳስሳሉ፤ ጥቂት እርጥበት ካገኙ «ተዉት፣ አልጠማውም» ይላሉ። በአዘዞ መንገድ የሚያልፈው ማኪና የሚያለብሰውን አቧራ በእርጥብ ጨርቅ ይጠርጉለታል፤ ሌላ ውለታ የለም። ጣልያን ሊያሠለጥነን እንደ መጣ በየአደባባዩ በሚለፍፍበት በዚህ ዘመን፣ ያልተጠየቀ ደግነትን የሚጠረጥር ሽማግሌ አጠገቤ መኖሩ ያጽናናኝ ነበር።

ባለፈው ሳምንት ቀበርናቸው። ለቅሶ ደራሹ ሁሉ «የአያ ተክል ነው፣ አይድረቅ» እያለ የእጁን እጣቢ ሳይቀር ቆርቆሮው ላይ ደፋበት። ጣቱን አፈሩ ውስጥ የሚሰድ ግን አልነበረም። ዛሬ ጠዋት ቅጠሎቹ ከሥራቸው ለስልሰው፣ አፈሩ ሸቶ አገኘሁት።

የበሰበሰውን ቆርጬ ጥዬ፣ የተረፈውን አንድ ቅጠል በደረቅ አፈር ተከልሁት። ባልቴቷ ደግሞ ውሃ ይዘው መጡ፤ በሩ ላይ ቆሜ መለስኋቸው።

«አንተ ጨካኝ! የሙት አደራ በጥም ልትገድል ነው?» አሉኝ እያለቀሱ።

ከቀብሩ ወዲህ ቤታችን ያጣው፣ እንደ አያ ውሃ ከልክሎ እንዲህ የሚሰደብ ሰው ነበር።