አምስት ጊዜ የጠፋው ሞተር

ክልሉ አዲስ በተቋቋመበት ዘመን አሶሳ ውስጥ በአንድ መሥሪያ ቤት የንብረት ክፍል ሠራተኛ ነበርኩ። ከጎጃም ተመድቤ ስመጣ ሃያ አምስት ዓመቴ ነው። የንብረት ክፍል ይባል እንጂ ንብረቱ ብዙ አልነበረም፤ ሦስት ጠረጴዛ፣ አራት ወንበር፣ አንድ የጽሕፈት መኪና እና አንዲት አሮጌ የቤንዚን ፒክአፕ። ስብሰባ ሲኖረን ከጎረቤት ቢሮ ወንበር እንዋሳለን፤ እነሱም ሲሰበሰቡ የእኛን ይወስዳሉ። ሁለታችንም በአንድ ቀን ከተሰበሰብን ማንጎው ሥር ድንጋይ ላይ እንቀመጣለን።

አንድ ቀን አለቃዬ ጠራኝና በጨርቅ የተጠቀለለ ነገር ሰጠኝ። ከአሶሳ በስተሰሜን ላለ አዲስ ወረዳ የተቀረጸ ማህተም ነው። ወረዳው አስተዳዳሪ ተሹሞለታል፣ ከቀርከሃና ከጭቃ ቢሮ ተሠርቶለታል፤ ማህተሙ ግን ለወራት ዘግይቶ ነበር። ማህተም የሌለው ወረዳ ደብዳቤ መጻፍ ይችላል፤ ከቁም ነገር የሚቆጥርለት ግን የለም።

«በእጅህ አስረክበህ፣ አስፈርመህ ና» አለኝ። «ነገ ጠዋት ሽማግሌዎቹ ተሰብስበው ይጠብቃሉ።»

ሹፌራችን ከወለጋ የመጡ፣ ሃምሳ ዓመት ያለፋቸው ሰው ናቸው። ለዓመታት የጭነት መኪና የነዱ፣ እሑድ እሑድ በጸሎት ቤታቸው መዝሙር የሚመሩ፣ ሲናደዱ እንኳ ክፉ ቃል የማይወጣቸው። ያን ሳምንት ፈቃድ ወጥተው ሰንብተው ከሄድንበት ቀን በፊት በነበረው ምሽት ነው የተመለሱት። ሦስተኛው መንገደኛ ራሱ አዲሱ አስተዳዳሪ ነበር። የአገሩ ልጅ ነው፤ የበርታ ብሔረሰብ ተወላጅ። ከመሾሙ በፊት የሳይንስ አስተማሪ ስለነበረ ሁሉም ሰው «መምህር» እያለ ይጠራዋል፤ እሱም ከሹመቱ ስም ይልቅ ይህን የሚወደው ይመስለኛል።

ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ተነሳን። ከከተማው መውጫ ላይ አንዲት ጠና ያሉ ሴት የሰሊጥ ዘይት የሞላ ጄሪካን ይዘው እጃቸውን ዘረጉ። መምህሩ በበርትኛ አነጋገራቸው፤ መንገዳችን አንድ ነው። ከኋላ ጭነት መጫኛው ላይ ተቀመጡ።

ሃያ ኪሎ ሜትር ያህል እንደሄድን ሞተሩ ሁለት ጊዜ አንገቱን ነቀነቀና ጠፋ። ሹፌሩ መኪናዋን ወደ ዳር አወጡ።

«ቆሻሻ ነው» አሉ። «ቤንዚኑ ቆሻሻ ይዟል።»

ኮፈኑን ከፍተው ቤንዚን የሚያጣራውን ፊልትሮ አወጡ፣ ነፉበት፣ መለሱት። የነዳጁ መለኪያ ከሞተ ቆይቷል፤ ስለዚህ ከመቀመጫቸው ኋላ የሚያስቀምጡትን ረጅም ቀጭን እንጨት አወጡና የታንኩን ክዳን ከፍተው ነከሩት። ግማሹ ርሶ ወጣ። ቤንዚን አለ። ክዳኑን አጥብቀው ዘጉ፣ ቁልፉን አዞሩ፣ ሞተሩ ተነሳ።

«ፊልትሮው ነበር» አሉ። ሁላችንም አመንን።

ሁለተኛው ጊዜ የቀርከሃው ጫካ መሐል ነው። ፀሐዩ በርትቷል። ሹፌሩ አሁን ቤንዚን የሚስበውን ፖምፓ ጠረጠሩ፤ ሞቆ ነው አሉ። ጨርቅ በውኃ ነክረን እንድናለብሰው አዘዙ። ያለን ውኃ የምንጠጣው ብቻ ነበር። መምህሩ ኮዳውን ሳያንገራግር ሰጠ። ጨርቁ እስኪያቀዘቅዘው ድረስ ሹፌሩ ሥራ እንዳይፈቱ እንጨታቸውን አውጥተው ነዳጁን እንደገና ለኩ። ከዚያ ሞተሩ ተነሳ።

«ሙቀት ነው» አሉ። ይህንንም አመንን።

ሦስተኛው ጊዜ ሲጠፋ የማምነው ነገር አልቆብኝ ነበርና ማስታወሻ ደብተሬን አወጣሁ። የንብረት ሠራተኛ ነኝ፤ ችግር ሲገጥመኝ ሠንጠረዥ አሰምራለሁ። የጠፋበት ሰዓት፣ ርቀቱ፣ ዳገት ወይስ ሜዳ፣ የተወሰደ እርምጃ። አንደኛው ሜዳ፣ ሁለተኛው ዳገት፣ ሦስተኛው ቁልቁለት ሆነ። እርምጃው ፊልትሮ፣ ጨርቅ፣ አሁን ደግሞ ካንዴላ ማጽዳት። ሹፌሩ ሞተሩ ውስጥ እሳት የሚያጭሩትን አራቱንም ካንዴላ ፈትተው በኪሳቸው ካለ የአሸዋ ወረቀት ጠረጉ፤ እንጨታቸውን ነከሩ፤ ሞተሩ ተነሳ። እንጨቱን በሠንጠረዡ ላይ አልጻፍኩትም። መለኪያ እንጂ እርምጃ አይደለምና።

«ምን ይላል ደብተርህ?» አለኝ መምህሩ።

«በየሃያ ኪሎ ሜትሩ ይጠፋል ይላል።»

«ለምን?»

«እሱን አይልም።»

አራተኛው ጊዜ ከአንድ ደረቅ ወንዝ ማዶ ቆምን። አራት ሰዓት አልፏል። ሹፌሩ ወረዱ፣ ኮፈኑን ከፈቱ፣ አዩት፣ ዘጉት። «ያ ጎፍታ» አሉ በኦሮምኛ፤ ጌታ ሆይ ማለታቸው ነው። ከዚያ ከመኪናዋ ራቅ ብለው ዛፍ ሥር ዓይናቸውን ጨፍነው ቆሙ። መጸለያቸውን ስላወቅን ድምፃችንን ዝቅ አደረግን። ጸልየው ሲመለሱ ቁልፉን አዞሩ፤ አልተነሳም። ፊልትሮውን ነፉ፤ አልተነሳም። በቀረችን ውኃ ጨርቁን አራስን፤ አልተነሳም። አንድ ሰዓት አለፈ። በመንገዱ ላይ ሌላ መኪና አልመጣም፤ እንደሚመጣም የነገረን የለም። እኔ ማህተሙን ጭኔ ላይ አድርጌ፣ ሽማግሌዎቹ በስንት ሰዓት ተስፋ ቆርጠው እንደሚበተኑ አሰላለሁ።

ይሄን ጊዜ ከኋላ የተቀመጡት ሴት፣ ከተሳፈሩ ጀምሮ ለእኛ አንድ ቃል ያልተናገሩት፣ በአማርኛ ተናገሩ።

«እንጨት አስገባ።»

ሹፌሩ ዘወር አሉ። «ምን አሉኝ እናቴ?»

«እንጨት። ቅድም እንጨት ገባ፣ መኪና ተነሳ። ሌላ ጊዜ እንጨት ገባ፣ መኪና ተነሳ። አሁን እንጨት አልገባም፣ መኪና ተኝቷል።»

«እንጨቱ መለኪያ ነው እናቴ። መድኃኒት አይደለም።»

«እኔ አላውቅም» አሉ ሴትየዋ። «አየሁ ብቻ።»

ሹፌሩ እኔን አዩኝ። እኔ ደብተሬን አየሁ። መምህሩ ግን ከጋቢናው ወርዶ ወደ ታንኩ ሄደ። «ይክፈቱት» አለ። «እኔ ልስማ።»

ጆሮውን አስጠጋ። ሹፌሩ ክዳኑን ማዞር እንደጀመሩ ረጅም «ፍስስስ» የሚል ድምፅ ወጣ፤ እኔም ካለሁበት ሰማሁት። ከዚያ ቁልፉን አዞሩ። ሞተሩ ምንም እንዳልተፈጠረ ሁሉ ተነሳ።

ሴትየዋ አልተደነቁም። ጄሪካናቸው እንዳይወድቅ አስተካከሉ።

መምህሩ ወደ ሴትየዋ ሄዶ ጄሪካኑን አሳየኝ። «ዘይት ስትቀዳ አይተሃል?» አለኝ። «አየር በደንብ ካልገባለት እየተቆራረጠ ይወርዳል፤ ጨርሶ ካልገባለት ይቆማል። ቤንዚኑ እየወጣ ነው፣ በምትኩ አየር መግባት አለበት። ካልገባ ፖምፓው ባዶውን ይጎትታል እንጂ ነዳጅ አያገኝም። የታንክ ክዳን ለዚህ ትንሽ ቀዳዳ አለው።» ክዳኑን ከሹፌሩ እጅ ተቀብሎ ገለበጠው። «የዚህ የት ሄደ?»

በክዳኑ ሆድ ውስጥ በደንብ የተቆረጠ፣ ክብ፣ ጥቁር ላስቲክ ተለጥፏል።

«እኔም ጠዋት አይቼዋለሁ» አሉ ሹፌሩ። «ጋራዥ አዲስ ላስቲክ ቀይረውለት ነው ብዬ ደስ ብሎኝ ነበር።»

ላስቲኩን አወቅሁት። ሹፌሩ ፈቃድ በወጡበት ሳምንት የነዳጅ ብክነት ይቀነስ የሚል ሰርኩላር ደርሶን ነበር። ሌሎቹ አንብበው ፈረሙና ተዉት። እኔ ወደ መኪናዋ ሄድኩ። ክዳኑ ላይ ቀዳዳ አየሁ፤ በዚያ በኩል የቤንዚን ሽታ ይወጣል። ከአሮጌ ካላማዳሪ፣ ማለትም ከጎማው ውስጠኛ ላስቲክ፣ በመቀስ ክብ ቆርጬ በማጣበቂያ ለጠፍኩት። ሽታው ጠፋ። ለአለቃዬም ብክነቱ መቆሙን በቃል ሪፖርት አደረግሁ። መኪናዋ ሹፌር አልነበራትምና እስከዚያ ቀን ጠዋት ድረስ አልተንቀሳቀሰችም።

ዝም ማለት እችል ነበር። ጋራዥ ብለዋል፤ ጋራዥ ሆኖ ይቀር ነበር። ሹፌሩ ግን የጋራዡን ሰዎች በጸሎታቸው ሊያስቧቸው እንደሆነ ሲናገሩ አልቻልኩም።

«እኔ ነኝ» አልኩ። «ላስቲኩን የለጠፍኩት እኔ ነኝ።»

ሹፌሩ ወደ እኔ ዞሩ። እጃቸው እስከ ክርናቸው ጠቁሯል፤ ካንዴላ ሲፈቱ የተላጠ ጣታቸው ደርቋል።

«ለምን ልጄ?»

«ብክነት ለመቀነስ።»

ራሳቸውን ነቀነቁ። «እሺ» አሉ። «ጌታ ይባርክህ።» ከዚያ በኋላ ለብዙ ሰዓት አላናገሩኝም።

እንሂድ ስንል መምህሩ እንቢ አለ። ላስቲኩ ከመነሳቱ በፊት ክዳኑ ተመልሶ እንዲጠብቅ ፈለገ።

«መክፈቱ እንዳስነሳው አየን» አለ። «መዝጋቱ እንደሚያጠፋው ግን ገና አላረጋገጥንም። ሌላ ችግር ካለ አሁን እንወቀው።»

«መምህር፣ ሰው እየጠበቀን ነው» አሉ ሹፌሩ።

«ጠብቀዋል። ትንሽ ይጨምራሉ።»

ክዳኑ ጠበቀ፣ ተጓዝን። እውነቱን ለመናገር በሕይወቴ ሞተር እንዲጠፋ የተመኘሁት ያን ቀን ብቻ ነው። ካልጠፋ የእኔ ላስቲክ ነፃ ይወጣል፤ ግን እንደገና የማናውቀው ችግር ይዘን እንቀራለን። አሥራ ዘጠነኛው ኪሎ ሜትር ላይ ጠፋ። መምህሩ ወርዶ ክዳኑን ከፈተ፣ ድምፁን አዳመጠ፣ «በቃ» አለ። ሹፌሩ ላስቲኩን በቢላ ፍቀው አነሱት። ደብተሬ ላይ አምስተኛውን መስመር ሞላሁ፤ ምክንያት በሚለው ሥር «ክዳን» ብዬ ጻፍኩ።

ከዚያ በኋላ ሞተሩ አልጠፋም። ሴትየዋ ከመንደራቸው መግቢያ ሲወርዱ ሹፌሩ ጄሪካኑን ተሸክመው እስከ ግቢያቸው አደረሱላቸው፤ ሁለት እጃቸውን ይዘውም አመሰገኑ። ሴትየዋ ምስጋናውን ተቀበሉና እንጨቱን እንዳይጥሉት መከሩ።

ወረዳው ስንደርስ ዘጠኝ ሰዓት ሆኗል። ሽማግሌዎቹ አልተበተኑም። ትልቅ ማንጎ ሥር ምንጣፍ አንጥፈው ተኝተዋል፤ ሁለቱ ያንኮራፋሉ። ቀስ እያሉ ተነሡ፣ እጃቸውን ታጠቡ፣ ዱዓ አደረጉ። ማህተሙን አስረከብኩ፤ እጅ በእጅ እየዞረ ሁሉም አዩት። አንደኛው በበርትኛ አንድ ነገር ብለው ሌሎቹ ሳቁ። ምን እንዳሉ መምህሩን ጠየቅሁት።

«ለዚህች ይህን ያህል ጠበቅን ወይ ነው ያሉት» አለኝ።

የመረከቢያ ደብዳቤ መጻፍ ነበረበት። መምህሩ ጠረጴዛው ላይ ተቀምጦ በጥሩ የእጅ ጽሑፉ ጻፈና ከመፈረሙ በፊት ለእኔ አነበበልኝ። ቁጥር አንድ። ማህተሙ በዛሬው ዕለት ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ደርሶናል። የዘገየውም የንብረት ክፍል ሠራተኛው የመኪናውን የነዳጅ ታንክ ክዳን መተንፈሻ በላስቲክ በመድፈናቸው ነው።

«ሽማግሌዎቹ ምክንያቱ ይጻፍ ብለዋል» አለኝ። «እውነት ካልሆነ ግን ይሰረዛል።»

ሹፌሩ በር ላይ ቆመው ይሰማሉ።

«እውነት ነው» አልኩ።

«እንግዲያው» አለና ማህተሙን በቀለም ነክሮ በሁለት እጁ ተጫነው።

በማግስቱ ስንመለስ ሹፌሩ እንደገና ያነጋግሩኝ ጀመር፤ መጀመሪያ ስለ መንገዱ፣ በኋላ ስለ ልጆቻቸው። አሶሳ ስንገባ ወደ ቤታቸው ምሳ ወሰዱኝ። ባለቤታቸው መኪናዋ እንዴት ነበረች ብለው ሲጠይቁ «ደኅና ናት» ብለው አለፉት።

ደብዳቤውን ለአለቃዬ ራሴ አቀረብኩ። ቆሜ ጠበቅሁ። መነጽሩን አድርጎ ከላይ እስከ ታች አነበበው፤ ሁለተኛውን ዓረፍተ ነገር ሲያነብ ፊቱ አልተለወጠም። ከዚያ ወረቀቱን ወደ መስኮቱ ብርሃን አንሥቶ ማህተሙን ለረጅም ጊዜ ተመለከተ።

«ጥሩ ወጥቷል» አለኝ። «ፊደሎቹ ሁሉ ይነበባሉ።»

ጥግ ላይ «ታይቷል» ብሎ ፈረመና ፋይል እንዲደረግ ሰጠኝ።