ለሕመም የተሰጠ ዜሮ

አባባ ጡረታ እስኪወጣ ድረስ አንኮበር ላይ ሒሳብ አስተምሯል። ማርክ ላይ ንፉግ ነበር። እኔን የገዛ ልጁን ባስተማረበት ዓመት እንኳ አስር ከአስር ሰጥቶኝ አያውቅም፤ «አስር የእግዜር ነው» ይለኝ ነበር።

የያዘው ካንሰር አጥንቱ ድረስ ሲዘልቅ፣ እኔ ከምኖርበት ከደብረ ብርሃን ሆስፒታል ሞርፊን የሚባል የሚጠጣ የሕመም ማስታገሻ ታዘዘለት። ስልኩም ሆስፒታሉ ዘንድ ተመዘገበ። ጠዋት ጠዋት ይጠራል፤ የተቀዳ የሴት ድምፅ «ሕመምዎን ከዜሮ እስከ አስር ስንት ይሰጡታል?» ይለዋል፤ እሱ ቁጥር ይጫናል። ቁጥሩ እሱን ለምትከታተለው ነርስም ለእኔም በስልካችን ይደርሰናል። ሕመሙ ከበረታ መድኃኒቱ ይጨመርለታል ተብለናል።

የሚመጣልኝ ሁልጊዜ ዜሮ ነበር። ደስታዬን አልችለው አልኩ። ሥራ ቦታ ስልኬን እያሳየሁ «አባባ ድኗል ማለት ይቻላል» እስከማለት ደረስኩ፣ እኔ ሞኟ።

አንድ ቅዳሜ በማለዳ ልጠይቀው ሄድኩ። ውጭው ጉም ነው፣ ብርዱ አይጣል። አባባ ግን ግንባሩ በላብ ርሷል፤ የአልጋውን ብረት በሁለት እጁ ጨምድዶ ይዟል። ስልኩ ጠራ። አንድ እጁን እንደምንም አላቀቀና ዜሮን ተጫነ።

«አባባ! ምን ማድረግህ ነው?»

«ስንት ትሰጠዋለህ አለችኛ! ለዚህ ሌባ ምን ልስጠው? ዜሮም ይበዛበታል!»

ሳቄና እንባዬ አንድ ላይ መጡ። ተናደድኩም። እሱ ጥርሱን ነክሶ ሲያድር እኔ ዜሮዬን አምኜ ለጥ ብዬ ስተኛ ከርሜያለሁ። ወዲያው ለነርሷ ደወልኩና የሆነውን ነገርኳት። «እስቲ አባትሽን አቅርቢልኝ» አለች። ስልኩን ጆሮው ሥር ያዝኩለት።

«አባቴ፣ ምንም አይስጡት» አለችው። «እሱ ነው የወሰደብዎት። ከአስር ስንቱን ወሰደብዎት?»

 አባባ ዓይኑን ወደ መስኮቱ መለሰ።

«ዘጠኙን» አለ፣ ድምፁ ተሰብሮ። «እንቅልፌን ወሰደ። ቤተ ክርስቲያን መሳሜን ወሰደ። አንዷን እንኳ ለዚች ልጅ ብዬ ደብቄ ይዣታለሁ።»

እጁን ሳምኩት። ነርሷ ሐኪሙን አማክራ መድኃኒቱ የዚያኑ ዕለት ተጨመረለት።

የተቀዳው ድምፅ ዛሬም «ስንት ይሰጡታል» ነው የሚለው። ስለዚህ ቀድሜ እኔ እደውላለሁ፤ «ስንት ወሰደ?» እለዋለሁ፤ የነገረኝን ቁጥር በኋላ ይጫናል። መጀመሪያ «ሰባት» ብሎኝ ነበር፣ ቀጥሎ «አምስት»። ትናንት ደግሞ ድምፁ የድሮው የመምህር ድምፅ ሆኖ መጣ።

«ሦስት ብቻ ነው የወሰደው» አለኝ። «ሰባቱ እኔ ጋ አለ። ሳያልቅ ነይ።»